ከማዶ የታየ እንባ

በ2015 ገና፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት ሁለት ወር በኋላ፣ ሁለት አሮጌ የሶቪየት ሌንሶች ለሙከራ ተውሼ ላሊበላ ወጣሁ፤ አንዱን ልገዛ። ጁፒተር 37 ባለ 135 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጁፒተር 21 ደግሞ ባለ 200። ሁለቱም በዜኒት ካሜራዬ ላይ ተጠምዝዘው ይገጠማሉ።

ወደ ብርሃን አቅንቼ መርምሬያቸዋለሁ፤ መስታወታቸው ሻጋታ የለበትም፣ የብርሃን መክፈቻቸውን ዘይት አልነካውም። 200ው ሩቁን ያቀርባል፤ ግን ከባድ ነው። በእጅ ተይዞ ምስሉ እንዳይደበዝዝ ቢያንስ የ1/250 ሰከንድ ፍጥነት ይሻል። ለ135ቱ 1/125 ገደማ ይበቃዋል።

ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ በአለቱ አፋፍ ተደርድረው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ፣ በ200ው ወዲያ ማዶ አንዲት መነኩሲት ሲያለቅሱ አየሁ። አነሣኋቸው። ስንወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

«ልጄ፣ ከማዶ ስታነጣጥርብኝ አየሁህ። ቀረብ ብለህ ‹ምን ሆኑ?› ብትለኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

አፈርኩ። ያኔም አልጠየቅኳቸውም፤ የሕዝቡ ግፊያ ወሰዳቸው። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ለምን እንዳለቀሱ ግን ዛሬም አላውቅም።

200ውን መለስኩ። በ135ቱ ፊት ለማንሣት ጠጋ ማለት፣ እጅ መንሣት፣ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። እሱን ገዛሁት።