የኦርላንዶ ርስት

እስቲ ዛሬ ስለ ኦርላንዶ እንጫወት። ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 1928 ያሳተመችው ልቦለድ ነው። ኦርላንዶ በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን የነበረ የመኳንንት ልጅ ነው፤ አድጎ አምባሳደር ሆኖ ቁስጥንጥንያ ይላካል። እዚያ ሰባት ቀን ሙሉ ይተኛና ሲነቃ ሴት ሆኗል። እንዴት ብላችሁ ብትጠይቁ ደራሲዋ አትነግራችሁም። ትዝታው እንዳለ ነው፤ መልኩም ያው ነው።

እኔ የምወደው ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነው። ቱርክ ሳለች ሴትም ወንድም የሚለብሰውን ሰፊ ሱሪ ስለምታጠልቅ ሴትነቷ እምብዛም ትዝ አይላትም። ወደ እንግሊዝ ስትመለስ ግን መርከብ ላይ ቀሚስ አለ። ቀሚሱ እግሯ ላይ ይጠመጠማል፤ ካፒቴኑ ፀሐይ እንዳይመታት ዳስ ላስጥልልሽ ይላታል። ምሰሶ ላይ የወጣ መርከበኛ ደግሞ እግሯን ጨረፍ አድርጎ አይቶ ሊወድቅ ለጥቂት ይተርፋል። እሷም በዚህች አጭር መንገድ የሴትነትን ሕግ ትማራለች። አያችሁ፣ ሰውነቷ የተለወጠው በእንቅልፍ ነው፤ ኑሮዋን የለወጡት ልብሱና የሰው ዓይን ናቸው።

ለንደን ስትደርስ ክስ ይጠብቃታል። ሞታለች፣ ስለዚህ ንብረት አይገባትም የሚል አለ፤ ሴት ናት፣ ስለዚህ አይገባትም የሚልም አለ። ይህ ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። መጽሐፉ የተበረከተው ለቪታ ሳክቪል ዌስት ነው። ደራሲዋና ቪታ ሁለቱም ባለትዳር ነበሩ፤ እርስ በርሳቸውም በፍቅር ይዋደዱ ነበር። ቪታ ኬንት ውስጥ ኖል በሚባለው ግዙፍ ቤት ተወልዳ ያደገች፣ ለአባቷ አንድ ልጅ ናት። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ጥር ወር አባቷ ሲሞቱ ቤቱ ለአጎቷ ሄደ፤ ርስቱ በወንድ ዘር ነዋ የሚወርደው! በልቦለዱ ግን ፍርድ ቤቱ ኦርላንዶ ሴት መሆኗን አጽድቆም ቤቷ ከእጇ አይወጣም። ሕግ ከቪታ የነጠቀውን ወዳጇ በብዕር መለሰችላት። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ስጦታ እኔ አላውቅም።

በዚያው ዓመት ኅዳር ራድክሊፍ ሆል የተባለች ደራሲ የጻፈችው ልቦለድ የሴት ለሴት ፍቅርን በግልጽ ጽፏል ተብሎ እንዲወድም ተፈረደበት። ቨርጂኒያ ልትመሰክርለት ፍርድ ቤት ሄዳ ነበር፤ ዳኛው ግን የደራስያንን ምስክርነት አልሰማም አሉ። ኦርላንዶን የነካው የለም። ተረት ስለመሰለ ይመስለኛል። አንዳንዶች ፍቅሩን በተረት መሸፈኗን ፍርሃት ይሉታል፤ እኔ አልስማማም። ደራሲዋ የቪታን ፎቶግራፎች ኦርላንዶ ናት ብላ መጽሐፉ ውስጥ አትማለች፤ የፈራ ሰው ይህን አያደርግም። ልታነቡት ከፈለጋችሁ ፎቶግራፎቹ ያሉበትን ዕትም ፈልጉ፤ የቪታ ፊት ከጎደለ መጽሐፉ ግማሽ ነው።