የኦሳካዋ ፎቶ

የቤቱ ልጅ ኳስ ተጫዋቾችን ይሰበስብ ነበር። ከባቃላ በፓኬት የሚሸጡትን ስቲከሮች ታውቋቸዋላችሁ። ቀዶ አልበሙ ላይ ይለጥፋል፣ የተደገመበትን ከአክስቱ ልጆች ጋር ይለዋወጣል። አንድ ተጫዋች ከጎደለው እንቅልፍ የለውም። እኔም ከእሱ የባስኩ ሰብሳቢ መሆኔን ግን የሚያውቅ አልነበረም። የእኔ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ጥሩነሽ ዲባባ።

ነገሩ የጀመረው መስታወት ስወለውል ነው። ዓመቱን በፈረንጅ ልጻፈው፤ ነሐሴ 2008። ዑረይጃ ወዳለው ቤት ከገባሁ ስድስት ወሬ ነው፣ ስልክ የለኝም፣ ኢቃማዬ ከፊሉ ዘንድ ነው። ያለቀ ጋዜጣ በዚያ ቤት ሁለት ሥራ አለው፤ ወይ ምግብ ሥር ይነጠፋል፣ ወይ መስታወት ይወለወልበታል። አጣጥፌ ውሃ ላስነካው ስል ባንዲራችንን አየሁ። ከባንዲራው በላይ ፊቷ። ቤጂንግ ላይ 10 ሺውን በ29 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ጨርሳ ነበር። በሳምንቱ 5 ሺውንም ደገመችው፤ በአንድ ኦሊምፒክ ሁለቱን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። እኔ ያን ቀን ይሄን ሁሉ የት አውቄ! መስታወቱን በሌላ ገጽ ወለወልኩና ፎቶውን ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩት።

ዐረብኛ ማንበብ አልችልም ነበር። ልጁን «ይሄ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት፣ በጣቱ እያሳየ «ቲሩኒሽ ዲባባ» አለኝ። «ዲባባ» ላይ ባና አሊፍ ሁለቴ ይመላለሳሉ፣ ለመያዝ ቀላል ነው። በዐረብኛ ያነበብኩት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ጋዜጣ በያዝኩ ቁጥር ዓይኔ ባና አሊፍን ይፈልጋል።

ልጁ በጣለው ደብተር ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ሙጫ የለኝም፣ ዱቄት በውሃ አፍልቼ ነው። (አታድርጉት፤ በረሮ ይወደዋል።)

የ5 ሺው ፎቶ ሲወጣ ግን ትዕግሥት አጣሁ፤ ጋዜጣው ሳይነበብ ቆረጥኩት። ለካስ ጀርባው የሂላል ዜና ኖሯል! ባባ ገጹን ሲገልጥ በቀዳዳው እኔን አየኝ። ማዳም ደብተሩን ከፍራሼ ሥር አውጥታ ከቆሻሻው ጋር ጣለችው፣ ከደሞዜም 50 ሪያል ቆረጠች። ሌሊት የቆሻሻውን ከረጢት ፈትቼ ፈለግሁት። ከአራቱ ፎቶዎች ሁለቱ በሻይ ቅጠል ርሰው ተበላሽተዋል፣ ሁለቱ ተረፉ። ሃምሳው ሪያል እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ያኔ ግን ያለቀስኩት ለፎቶዎቹ ነው።

ጎረቤት ቤት የምትሠራ አንዲት የአርሲ ልጅ ነበረች። ቆሻሻ ልንጥል ስንወጣ ነው የምንገናኘው፣ ቢበዛ አምስት ደቂቃ። «ደራርቱስ? በ1992 ባርሴሎና ላይ መንገዱን የከፈተችው እሷ አይደለችም ወይ?» ብላ ትቆጣኛለች። ሁለቱም የበቆጂ ልጆች፣ ሁለቱም ዘመዳሞች፣ ምን ታጣያለሽ ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን ጥሩነሽን የያዝኩት በኦሳካ ምክንያት ነው።

ከመምጣቴ በፊት፣ በ2007፣ ኮምቦልቻ አንድ ሻይ ቤት ቆሜ ነው ያየሁት። የ10 ሺው ውድድር ላይ ተደናቅፋ ወደቀች። ሆዷንም ያማት ነበር። ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ፣ አንዱ «በቃ!» ብሎ ሒሳቡን ከፈለ። እሷ ተነሥታ፣ ሆዷን ይዛ፣ የራቋትን አንድ በአንድ እየለቀመች ሄደች። መጨረሻ ላይ አገራችን ተወልዳ ለቱርክ የምትሮጠዋን ኤልቫንን አልፋ ወርቁን ወሰደች። ሒሳብ የከፈለው ሰውዬ ተመልሶ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ለንደን በ2012 ረመዳን ላይ ዋለ። እንደምታውቁት በረመዳን ሌሊቱ ቀን ነው፣ ቤቱ ሁሉ አይተኛም። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ልጁ፣ ያኔ አድጓል፣ ከመጅሊሱ «ታዓሊ! ዲባባ!» ብሎ ጮኸ። የሻይ ትሪ እንደያዝኩ በሩ ላይ ደረስኩ። ሁለት ኬንያውያን አብረዋት ነበሩ፤ ወደ መጨረሻው ዙር ስትቃረብ ተፈትልካ ጥላቸው ሄደች። ባባ ዘወር ብሎ አየኝና «ትሪውን አስቀምጪው» አለኝ። በማግስቱ የስፖርቱ ገጽ ተጣጥፎ ኩሽና ውስጥ ጠበቀኝ። አርሲዋም ከእነሱ ቤት ያንኑ ፎቶ አመጣችልኝ።

ሪዮ ላይ በ2016 ሦስተኛ ስትወጣ ወደ ቤቱ ጋዜጣ መምጣት አቁሟል፤ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። ዛሬ እኔም ስልክ አለኝ፣ ኦሳካን በፈለግሁ ሰዓት እከፍተዋለሁ። በስልክ የሚታይ ነገር ግን ደብተር ላይ አይለጠፍም። ጋዜጦች ሲያወጧት ሁሌ ባንዲራ ይዛ ነው፤ መሬት ላይ ሆና፣ ወይም ስትነሣ፣ አንድም አላገኘሁም። ገጽ 1 ላይ ቦታዋን ባዶ ትቼዋለሁ።

እህቶቼ፣ በድሮ ጋዜጣ ወይም መጽሔት ላይ ያያት ሰው ካለ በማኅበሩ በኩል ንገሩኝ። በነጻ አልጠይቅም። የለንደኗ ሁለት አለችኝ።