ኒውላንድን በእግር

አገርን በካርታ ብቻ ማወቅ አይቻልም፡፡ ካርታ ወንዙንና ድንበሩን ያሳያል እንጂ ሰው ምን እንደሚበላ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጸልይ፣ ምንን ውብ እንደሚል አይናገርም፡፡ አንባቢ ሆይ፣ በጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ በተባለው ሰፈር በእግሬ ተዘዋውሬ ያየሁትን ላካፍልህ እወዳለሁ፡፡

ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በባሮ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ሞቃት ከተማ ናት፡፡ ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት መሠረት በወንዙ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ፡፡ በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን ጨውና ጨርቅ አምጥተው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር፡፡ ስለሆነም ከተማይቱ ከጥንስሷ ጀምሮ የእንግዶች መገናኛ ናት ለማለት ይቻላል፡፡

የኒውላንድ ስም እንግሊዝኛ ሲሆን ትርጉሙ «አዲስ መሬት» ነው፡፡ ከነዋሪዎቹ አብዛኞቹ ኑዌሮች ናቸው፡፡ በዚያ ሥዕል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚያየው በግድግዳ ላይ ሳይሆን በሰው ግንባር ላይ ነው፡፡ በዕድሜ የገፉት ወንዶች ግንባር ላይ ስድስት መስመሮች ከጆሮ እስከ ጆሮ ተዘርግተዋል፡፡ «ጋር» የሚባለው ይህ ምልክት ልጁ ለአካለ መጠን መድረሱን ያስታውቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙ ወጣቶች ትተውታል፡፡ በእሑድ ጧት ደግሞ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ከበሮ ይመታል፤ መዝሙሩም በኑዌርኛ ይዘመራል፡፡ ቃሉን ባታውቀው እንኳ ዜማው ደጃፍ ላይ ያቆምሃል፡፡

የምግቡ ነገር ሰፊ ነው፡፡ ኑዌር ከብት አርቢ ስለሆነ ወተት ከማዕዱ አይለይም፡፡ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ዱቄት በጥቃቅን እንክብል መልክ የሚዘጋጀው «ኮፕ» ከወተት ጋር ይበላል፡፡ አኝዋ ደግሞ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ከባሮ የወጣውን ዓሣ ከገንፎ ጋር ያቀርባል፡፡ ከደጋ የመጣው ነጋዴም እንጀራውንና ቡናውን ይጨምራል፡፡ እነዚህ ሁሉ የሚገናኙት በገበያ ነው፡፡

ይሁን እንጂ ይህ መገናኛ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ አልኖረም፡፡ በጥር 2008 ዓ.ም. በከተማይቱ በኑዌርና በአኝዋ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፡፡ ያን ጊዜ ከሰፈር ወደ ሰፈር መሻገር አስፈሪ ሆነ፡፡ ሰው መሻገር ሲፈራ ዓሣው ከአንዱ ዘንድ፣ ወተቱም ከሌላው ዘንድ ይቀራል፤ ልጆችም ስለ ጎረቤታቸው የሚያውቁት ወሬውን ብቻ ይሆናል፡፡

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የጎረቤትን ምግብ መቅመስና ስሙን በራሱ ቋንቋ መጥራት ተራ ነገር አይምሰልህ፡፡ በምትኖርበት ከተማ እግርህ ረግጦት የማያውቅ ሰፈር ይኖር ይሆናል፡፡ በሰላም ቀን ሂድ፤ ሰላምታ አስቀድም፤ ፎቶግራፍ ከማንሣትህ በፊት ፈቃድ ጠይቅ፤ የቀረበልህንም ቅመስ፡፡ ከዚያም ያየኸውን በጥሩ አማርኛ ጻፈው፡፡