ዙሩ ሳያልቅ

ሽሮ ሜዳን ዛሬ የሚያውቃት ሰው በሐበሻ ልብስ ነው የሚያውቃት፤ ሙሽራና ሚዜ፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ጥለት ሲያማርጥ የሚውልባት ሰፈር። እኔ ያደግሁባት ሽሮ ሜዳ ከልብሱ ጀርባ ያለችው ናት። ከአሜሪካ ኤምባሲ ከፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ፣ ሸማኔዎቹ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው መወርወሪያ የሚያመላልሱባቸውን ቤቶች አልፎ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት ግቢ ነበረን። አምስት አባወራ ልል ነበር፤ አባወራ ግን አልነበረንም። ከፊሎቹ ሞተዋል፣ አንዱ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም፣ አንዱ ለሥራ ብሎ አሰብ እንደወረደ እዚያው ሌላ ጎጆ ቀልሷል እየተባለ ይታማል። የቀሩት ሴቶቹና እኛ ልጆቹ ነበርን።

ከኋላችን እንጦጦ ነው። ጠዋት ጠዋት ግቢው የሚሸተው የባህር ዛፍ ቅጠል ጭስ ነው፤ እንጀራ ሲጋገር ዓይን የሚያስለቅስ፣ ግን ደግሞ ሆድ የሚያባባ ሽታ። ዛሬም ቪክስ የተቀባ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ትኩስ እንጀራ ያምረኛል። ሳቁብኝ እንጂ እውነቴን ነው።

እንጨቱንም ቅጠሉንም የምታወርደው እትዬ ናት። ስሟን ልተወው፤ እኛም በስሟ ጠርተናት አናውቅም፣ ለግቢው ሁሉ እትዬ ነበረች። ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ገመዷን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ትወጣለች። ረፋዱ ላይ ቁልቁለቱን ስትመለስ መጀመሪያ የሚታየን እንጨቱ ነው፣ ከዚያ እግሯ፣ ፊቷ ከሁሉ በኋላ። የደን ጠባቂዎች ይዘዋት ሸክሟን የነጠቋት ቀን ባዶ እጇን ትመጣና ማንንም ሳታናግር በሯን ትዘጋለች። በደህናው ቀን ግን ሸክሟን ጥላ፣ እግሯን ታጥባ፣ የተሰነጠቀ ተረከዟን ቫዝሊን ቀብታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ብቅ ስትል ሌላ ሰው ናት። የዕቁብ ዳኛ ናት።

ዕቁባችን የእሁድ ነበር፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በሳምንት 5 ብር። እንጨት ተሸካሚዎቹ፣ ፈታዮቹ፣ እንጀራ ሻጮቹ፣ የሸማኔዎቹ ሚስቶች ሁሉ ይገቡበታል። እትዬ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፤ በ1971 የተጀመረው ያ ዘመቻ ስንቱ ነገሩ ተረስቶ የእሷ የምስክር ወረቀት ግን በመስታወት ሆኖ ግድግዳዋ ላይ ነበር። ማንበቡን ታነባለች። ሌሊቱን መጥረቢያና ገመድ ሲይዝ ያደረ እጇ ግን እስክሪብቶ ሲሰጡት ይንቀጠቀጥባታል። ጸሐፊው የጎረቤት ግቢ ጡረተኛ ነበሩና እሳቸው ደግሞ ሒሳቡን አምታተው ሴቶቹን ሊያፋጁ ምንም አልቀራቸውም። አንድ እሁድ፣ እኔ ቡና ቁርስ ሳዞር፣ እትዬ «አንቺ፣ ነይ እስቲ» አለችና ባለ 50 ሉክ ደብተር ጭኔ ላይ አኖረችው። 12 ዓመቴ ነበር።

ያንን ደብተር ስይዝ የተማርኩትን ኋላ ንግድ ሥራ ኮሌጅ ገብቼም አላገኘሁትም። ገንዘብ በሹክሹክታ አይቆጠርም፤ ተቀብዬ ስጨርስ ጠቅላላውን ሁሉ እየሰማ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ሳምንቱን ያልሞላላት ሴት ግን ስሟ ጮክ ተብሎ አይነሳም። ስሟ አጠገብ በእርሳስ አንዲት ነጥብ አደርጋለሁ፣ እትዬ ከኪሷ ትሞላዋለች፣ ሴትዮዋ ስትከፍል ነጥቡን በላጲስ አጠፋዋለሁ። «ይቺን ነጥብ አንቺ፣ እኔና እግዜር ብቻ እንወቃት» አለችኝ። ግቢው ውስጥ ማን ምሳ እንዳልበላ እኔ የማውቀው በነጥቦቹ ነበር፤ ለእናቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። እናቴም አንዳንዴ ነጥብ ነበረች። ዛሬ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ፣ ዕዳው የዘገየበት ሰው ስም ሲመጣብኝ እጄ እርሳስ ይፈልጋል።

አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። የቡልጋ ሰው ናት፣ ፈታይ። ከደጃፏ ላይ አጎዛዋን አንጥፋ፣ ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ ልቃቂቱ ሲወፍር ይታያል እንጂ እጇ ሲሠራ አይታይም። ድሩን ሸማኔው የፋብሪካ ክር ገዝቶ ይዘረጋል፣ ማጉ ግን የእጅ ፈትል ካልሆነ ልብሱ ገላ አይወድም ትል ነበር። ነጋዴ ፈትሏን ሊገዛ ሲመጣ ሚዛኑን አስቀምጣ መጀመሪያ በእጇ ትመዝነዋለች፣ ከዚያ ሚዛኑ ምን እንደሚል ትጠብቃለች። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚታረመው ሚዛኑ ነው። ሰውዬው ሊጮህ ይችላል፤ እምዬ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ እንዝርቷንም አታቆምም። እኔ ቁጡ ነበርኩ፤ አሁን አለቃ ሲጮህብኝ የማልመልሰው ትዕግሥት ኖሮኝ አይደለም፣ የእምዬ እንዝርት ጆሮዬ ውስጥ እየሾረ ነው።

ከትምህርት ቤት የሰማሁትን ማታ ማታ የምነግራት ለእሷ ነው። የአማርኛ መምህራችን ወጣት ሴት ነበረች፣ ፀጉሯን ተቆርጣ ሱሪ የምትለብስ፣ ሰፈሩ የሚያማት፤ እኔ ደግሞ አረማመዷን መስታወት ፊት የምለማመድላት። እሷ ናት ስለ ስንዱ ገብሩ የነገረችን። ስዊዘርላንድ ተምራ መመለሷን፣ በጣሊያን ተማርካ አዚናራ ደሴት ላይ መታሰሯን፣ ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ መሆኗን፣ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ተመርጣ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት መሆኗን። እየተንተባተብኩ ለእምዬ ነገርኳት። ክሯን ሳብ አድርጋ፣ «ጣሊያን አስሮ ያልሰበራትን ፓርላማው ምን ሊያደርጋት ኖሯል?» አለችኝና ወደ ፈትሏ።

ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ ያሸነፈችው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ነው፣ የፍልሰታ ጾም የገባ ዕለት። መንግሥት ከተለወጠ ገና ዓመት አልፎት፣ ሰዉ ነገ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። ሩጫውን በቴሌቪዥን ሲያሳዩ ግቢያችን በሙሉ ጡረተኛው ቤት ገባ፤ ዕቁቡን የተነጠቁት ሰውዬ ቂም የማያውቁ ሰው ነበሩ። የሽምብራ ቆሎ እየተዘገነ፣ ሕፃን እየተቆጡ። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ከፊት፣ የእኛዋ ልጅ ከኋላዋ እንደ ጥላ፣ ዙር በዙር። እናቴ «ለምን አትቀድማትም?» እያለች ትቁነጠነጣለች። እትዬ ግን ዓይኗ ከደራርቱ እግር አልተነሳም። «ተያት፤ የዳገት እግር ነው፣ የት ላይ እንደሚፈጥን ያውቃል» አለች። በመጨረሻው ዙር ደራርቱ ተፈትልካ ስትወጣ እልልታው ጣሪያውን ነካ። እትዬ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ስታበቃ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ታዲያ ባዶ ጀርባዋን ማን አይሮጥም!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ጋዜጣው ለጥቁር አፍሪካዊት ሴት የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ይበለው እንጂ፣ እምዬ የወደደችው ሌላ ነበር። ደራርቱ ጨርሳ ማየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሮጡ። ያቺ ነጭ ሴት አገሯ ለረጅም ዓመታት ከውድድሩ ታግዶ የተመለሰው ገና ያኔ ነበር። ይህን ለእምዬ ማንም አልነገራትም። «ያሳደገቻት ሰው ታውቃለች፤ እንግዳ ጥላ አትገባም» ብላ መረቀች። በማግስቱ የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ ትሮጥ ጀመር። እኔም ሞክሬ ነበር፤ ጎኔን ወጋኝና ወደ ደብተሬ ተመለስኩ።

16 ዓመት ሲሆነኝ ሽማግሌ ተላከብኝ። መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ጎፈሬው ከፊት የሳሳ ሰው። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው መደቡ ላይ ተደረደሩ። ያኔ ሕጉ ራሱ ለሴት ልጅ 15 ዓመት ይበቃታል የሚል ነበር፤ 18 ያለው በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው፣ ለዚያም ሴቶቹ የሕግ ባለሙያዎች ብዙ ደክመውበታል። እናቴ አዲሱን ሲኒ አውጥታ ነበር። አልፈርድባትም፤ ቢሮ ጠርጋ በምታገኘው ደመወዝ አምስት ሆነን ነበርና የምንበላው፣ ልቧ ወላወለ። እኔ ጓዳ፣ መጋረጃው ኋላ፣ የቡናው ዕጣን ጉሮሮዬን ይዞኝ።

እምዬ ትፈትላለች። ሽማግሌዎቹ ስለ ሰውዬው ቤት፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ ጨዋነቱ ተናግረው እስኪጨርሱ እንዝርቷን አላቆመችም። እሷ የተዳረችው ገና በሕፃንነቷ ነው፣ ባሏን ለዓመታት ‹አጎቴ› እያለች። ይህንን አላነሳችም። ብቻ «ደግ፣ የመጣችሁበት ጥሩ ነው» አለች። «ነገር ግን ልጅቱ የዕቁብ ጸሐፊ ናት። ዙሩ ሳያልቅ መዝገብ ያዥ አይዳርም፤ የሰው ገንዘብ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የሰው ገንዘብ ሲባል ማን ምን ይላል? አንደኛው፣ ነገሩ የሸተታቸው፣ «እመት፣ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰሙም?» አሉ። እምዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ታዲያ ወንዱ ከየት ይምጣ? ይኸው ግቢው፣ ፈልጉና አምጡልን።»

ዙሩ መቼ እንደሚያልቅ ሲጠይቁ እትዬ ከበሩ ላይ «ከፋሲካ በኋላ» አለች። ያን እሁድ፣ ሌሊት ሌሊት አብረዋት የሚወጡትን እንጨት ተሸካሚዎች ይዛ መጣች፤ አዳዲስ ስም አስመዘገበችኝ፣ ዙሩ ተራዘመ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ «ከመስቀል በኋላ» ሆነ። ከመስቀል በኋላም ለሁለተኛው ዙር ዕጣ ጀምረን ነበር። የመርካቶው ሰው ምን ያድርግ፣ ሌላ አገባ፤ ልጆች ወልዷል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ይባርክለት። እኔ 11ኛን አለፍኩ፣ ማትሪክ ተፈተንኩ።

በዚያው ዓመት አንድ እሁድ ያንን ተረት የጠቀሱት ሽማግሌ ብቻቸውን በሩ ላይ ቆሙ። ደብተሬን ከደንኩ፤ እናቴ ሲኒ ፈለገች። ሰውዬው ዱላቸውን መሬት ላይ እየጫሩ «ለባለቤቴ አንድ ዕጣ ይመዝገብልኝ ብዬ ነው» አሉ። እትዬ ፊቷ አልተፈታም። «ዋስዎ ማን ነው?» አለቻቸው። ግራ ቀኝ አዩና በዱላቸው ወደ እምዬ ጠቆሙ። እምዬ ዝም ብላ ከራሳቸው እስከ እግራቸው አየቻቸው፤ ፈትል እንደምትመዝነው። «ይግቡ» አለች።

በሚቀጥለው እሁድ 5 ብሩን ይዘው የመጡት ባለቤታቸው ናቸው፣ ቁመታም፣ ንቅሳታም ሴት። ሒሳቡን ጮክ ብዬ ተናግሬ ስጨርስ ጠጋ ብለው «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አዞሩና ሁለተኛውን ፊደል በጣታቸው ነኩት። «ይሄ እግሩን ሰብረሽዋል፤ በመሠረተ ትምህርት እንዲህ አይደለም ያስተማሩን። አስተካክይው» አሉኝ።