በሞቴ

የስኳር በሽታ እንደ ንዳድ አንቀጥቅጦ የሚለቅ ሕመም አይደለም፤ ቤት ገብቶ፣ ገበታ ቀርቦ ከሰው ጋር የሚኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ኢንሱሊን ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለታማሚ እስኪሰጥ ድረስ፣ ቆሽቱ ይህን ንጥረ ነገር ማመንጨት ያቆመበት ሰው ዕድሜው እጅግ አጭር ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ አለ፤ ከመድኃኒቱ ጋር መኖር ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

አንድ የድሬዳዋ መምህር ሕመሙ በ45 ዓመቱ ተነገረው። መርፌውን በሳምንቱ ለመደው። በቤቱ ማቀዝቀዣ ስለሌለ፣ ብልቃጡን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ከሙቀት ያስጠልለዋል። ማታ ማታ፣ ሳይሰማው የቆሰለ ቦታ እንዳለ እግሩን ይመረምራል። ስኳር የተከለከለው ሰው ከጠመኔው ጋር ስኳር ይዞ ክፍል ይገባል፤ መርፌው ከምግቡ ከበለጠ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ያው ስኳር ነውና።

የከበደው ሌላ ነበር። እናቱ ጠቅልለው «በሞቴ!» ሲሉት ጉርሻውን እምቢ ማለት ፍቅርን መግፋት መሰለው። ስለዚህ ሕመሙን ደበቀ፤ በሰርጉም በተዝካሩም የቀረበለትን በላ፤ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳርም አሻቀበ። በመጨረሻ ሐኪሙ የጻፈለትን የምግብ መመሪያ ለእናቱ አነበበላቸው። አሮጊቷ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ ስንት ጉርሻ ተፈቀደልህ?» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራውን የሚመጥኑት፣ ከመርፌው በኋላ ምሳው እንዳይዘገይ የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው። «በሞቴ» ማለታቸው አልቀረም፤ አሁን የሚሉት ግን «በሞቴ፣ ይብቃህ» ነው።