ኮምፒውተራችን 42 ላይ ቆሟል

ቤታችን ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው። ያገለገለ ዴስክቶፕ ሲሆን አርክቴክቸር የምታጠናው ልጄ የመመረቂያ ሥራዋን የምትሠራው በእሱ ነው። አንድ የሕንፃ ምስል አጠናቅሮ እስኪያወጣላት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ ማታ ሥራውን ሰጥታው ትተኛለች። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ወንድሟ «እማዬ፣ ኦቨርክሎክ ላድርገው? ይፈጥናል» ሲለኝ ነገሩን ቀለል አድርጌ ማየት አልቻልኩም። ቢበላሽ የምንተካበት ገንዘብ የለንም። ለእህቱ አስቦ እንደሆነ ነግሮኛል። ስለ ጌም እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁበት።

ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ «አትንካው!» ይላል። እኔ ግን ሁላችንም ስንተኛ ብቻውን ከሚሞክረው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቢያደርገው ይሻላል ባይ ነኝ። «መጀመሪያ አስረዳኝ» አልኩት።

የእኛ ፕሮሰሰር በፈረንጆቹ 2011 የወጣው ኢንቴል ኮር አይ5-2500ኬ ነው። ፍጥነቱ የሚገኘው በአንድ ቀላል ማባዛት ነው፦ 100 ሜጋኸርዝ ሲባዛ በ33፣ ማለትም 3.3 ጊጋኸርዝ። ኦቨርክሎክ ማለት ያንን 33 ከፍ ማድረግ ነው። ከስሙ መጨረሻ ያለችው «ኬ» ፋብሪካው ቁጥሩን እንዳልቆለፈው ታሳያለች፤ ማዘርቦርዱም የሚፈቅድ ዓይነት መሆን አለበት። ላፕቶፕ ላይማ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ እኔ በበኩሌ አልፈቅድም።

ፋብሪካው ታዲያ ለምን ዝቅ አድርጎ ይሸጠዋል? የአንድ እጅ ጣቶች እኩል አይደሉም፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ፕሮሰሰሮችም እንደዚያው። ደካማውም፣ ሞቃት ቦታ ያለውም ሳይቸገር እንዲሠራ መጠባበቂያ ይተውለታል። ልጄ የተመኘው ያንን መጠባበቂያ ነው። በዚህ ምክንያት ለሚመጣ ብልሽት ግን የፋብሪካው ዋስትና አይሸፍንም።

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደሚፈላ፣ ባቄላም ቶሎ እንደማይበስል የወጥ ቤት ሰው ያውቀዋል። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ሌላ አገር ያለ ሰው ያገኘውን ቁጥር ገልብጦ ማስገባት አይቻልም አልኩት።

ከሁሉ በፊት የእህቱ ሥራ በሙሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ተገለበጠ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ ተከፈተ። የአቧራው ነገር አይነሳ! በብሩሽ አጸዳነው። ልጄ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባ፤ ትንሹንም ፋን በትልቅ ማቀዝቀዣ ቀየርነው። ወጪያችን ይኸው ነው። አንድም ቁጥር ሳይነካ ሙቀቱ ሲወርድ አይቻለሁና ኦቨርክሎክ የማታስቡም ብትሆኑ ይህን አስደርጉ።

ቁጥሩ የሚቀየረው ባዮስ በሚባለው፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው ገጽ ነው። 36 አስገባ፤ ከዚያ 38፤ ከዚያ 40። በየደረጃው ፕራይም95 የሚባለውን ፕሮግራም ያስነሳል። ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን ለመፈለግ የተሠራ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ፋታ አይሰጠውም። እኔ ደብተር ይዤ ቁጥሩን፣ ሙቀቱንና ሰዓቱን እጽፋለሁ። ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን የሚቀንሰው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ የእኛ አጥር ግን 80 ነበር። 42 ላይ ለሁለት ሰዓት ሠርቶ ከ74 አላለፈም።

44 ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ። እኔ ክው ስል ልጄ «የሚጠበቅ ነው» ብሎ ወደ 42 መለሰው። ጭራሽ አልነሳ ቢል እንኳ ከሶኬት ነቅሎ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት ወደ ፋብሪካው ቁጥር እንደሚመልሰው አስቀድሞ አሳይቶኝ ነበር። ባዮሱን ማደስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል አልነካነውም።

ክርክራችን የመጣው በቮልቴጅ ነው። «ትንሽ ብጨምርለት 44ን ይይዛል» አለኝ። ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሚበላው ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ 10 በመቶ መጨመር 21 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት ነው፤ የፍጥነቱ ሳይቆጠር። የበዛ ቮልቴጅ ደግሞ ፕሮሰሰሩን ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። አንዳንድ ማዘርቦርድ በራሱ ፈቃድ ስለሚጨምር እሱንም በነበረበት ቁጥር አስረነዋል። «እህትህ እስክትመረቅ 42 ላይ ይቆያል» አልኩት። ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ስድስት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ምስል አሁን አምስት ሰዓት አይሞላም። ይህን ሁሉ የለካነው ግን በታኅሣሥ ብርድ ነው። መጋቢት ሲገባና ቤቱ ሲሞቅ ፕራይም95ን እንደገና እናስነሳለን፤ ከ80 ካለፈ ወደ 40 ይወርዳል። ደብተሩ ላይ አሁኑኑ ጽፌ አስፈርሜዋለሁ።