ከመጠለያ ወደ መጠለያ

እኛ የኢፎ መምህራን ከጥቂት ዓመታት በፊት ያደረግነውን አንድ ጉዞ ልናጫውታችሁ ነው። ጉዞው የቆየ ቢሆንም ራሽን በተቀነሰ ቁጥር እያነሳን ስለምናወራው በጽሑፍ ይቅረብ አልን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

አራት ነበርን። የትምህርት ቤቱን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ስለምንመራ ሙቭመንት ፓስ ተሰጠን። ከዳዳብ እስከ ጋሪሳ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አሸዋውና ፍተሻው ግን መንገዱን ያረዝመዋል። ከጋሪሳ ታና የሚባለውን ወንዝ ተከትለን ወደ ደቡብ ወረድን። ስሙን ስንሰማ የባሕር ዳሩ ጣና ትዝ ብሎን ጥቂት ዝም ተባባልን። ማሳላኒ አድረን በማግስቱ ማለዳ ኢሻቅቢኒ ደረስን።

ኢሻቅቢኒ የአካባቢው የሶማሌ አርብቶ አደሮች ከግጦሽ መሬታቸው ከፍለው ለዱር እንስሳት የተዉት ቦታ ነው። ዋናው እንስሳ ሂሮላ ይባላል። የአገራችንን ቆርኬ ታውቁ የለ? የእሱ ዘመድ ነው። በዓይኖቹ መካከል ነጭ መስመር አለው፤ ከዓይኑ አጠገብ ያለው እጢ ትልቅ ስለሆነ አራት ዓይን ያለው ይመስላል። የተፈጥሮ አገሩ የኬንያና የሶማሊያ ድንበር አካባቢ ብቻ ነው። በ1970ዎቹ ከ10,000 በላይ ነበር፤ ዛሬ ግን ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። በ1980ዎቹ ደስታ በሽታ ፈጀው፤ የአባቶቻችንን ከብት የጨረሰው ያው ደስታ ማለት ነው። ዝሆኑ በአዳኞች ሲመናመን ደግሞ ቁጥቋጦው በዛና ሳሩን ዋጠው። ሂሮላ ሳር በል ነውና ግጦሽ አጣ።

ስለዚህ በ2012 አውሬ የማያስገባ አጥር ታጥሮ 48 ሂሮላ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ቦታውን በአማርኛ ምን እንበለው ብለን ስንነጋገር መጠለያ ከማለት የተሻለ ቃል አላገኘንም። ከመጠለያ ወጥተን መጠለያ ልንጎበኝ መጣን ብለን ሳቅን።

የቢሮው በር ላይ ሁለት እጆች የሚጨባበጡበት ምልክት ተለጥፏል። እናቶች ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ የዘይት ጣሳው ላይ የነበረው የአሜሪካ ሕዝብ እርዳታ ምልክት ነው። አንዱ ባልደረባችን «ለአውሬም ራሽን አለ እንዴ?» ቢል አስተናጋጃችን የነበሩት ሽማግሌ ጠባቂ ሳቁና አስረዱን። የጠባቂዎች ደመወዝ፣ የመኪና ነዳጅ፣ ሬዲዮ፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። ኢሻቅቢኒ ሰሜን ሬንጅላንድስ ትረስት ከሚባለው ማኅበር አባላት አንዱ ነው። ማኅበሩን ደግሞ አሜሪካ በዩኤስኤአይዲ በኩል ረድታዋለች፤ ዴንማርክም ረድታለች።

የሰው አገር መንግሥት ለሌላው አገር ቆርኬ ለምን ይከፍላል? በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔይሮ በተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ሀብታም አገሮች ድሆቹን አገሮች በገንዘብ ሊረዱ ተስማምተዋል። እንግሊዝም በዚያው ዓመት ዳርዊን ኢኒሼቲቭ የሚባል የገንዘብ ድጋፍ ጀምራለች። አንድ ዝርያ ከጠፋ ደግሞ ለማንም ተመልሶ አይገኝም። ብቻ ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያ አገር ግብር ከፋይ ኪስ ነው፤ የሚወሰነውም እዚያው ነው። እኛም ሆንን ሂሮላው ድምፅ አንሰጥም።

ይህን በደንብ የተረዳነው በኋላ ነው። በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አስቆመ፤ በሐምሌ ወር ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ራሽናችን ምን ያህል እንደወረደ ለእናንተ አይነገርም። አንዲት እናት «እኛ ተርበን ስለ አውሬ ታስተምራላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው እውነት አለው። ይሁን እንጂ ለአውሬው የሚሆነው ከእኛ ሳህን ተነሥቶ አልነበረም። ሁለታችንም የምንጠብቀው አንዱን እጅ ነበር፤ ያ እጅ ሲታጠፍ ሁለታችንንም ጎዳን።

ታዲያ ደመወዝ ሲቆም አውሬውን ማን ይጠብቀዋል? በአገራችን ከሻሸመኔ ወደ ምዕራብ ሰንቀሌ የሚባል የቆርኬ መጠለያ አለ። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ እዚያ ብዙ ቆርኬ ተገደለ፤ ተርፈው የተራቡት ጥቂቶቹ ናቸው። ሽማግሌውን ይህን አጫወትናቸውና «ገንዘቡ ቢቀርብዎትስ?» አልናቸው። «ምዋሊሙ፣ ፈረንጁ ከመምጣቱ በፊትም ሂሮላው ከከብታችን ጋር ይግጥ ነበር። ገንዘቡ ቢቀር ሥራው ይከብደናል እንጂ አንተወውም» አሉን።

እኛ ገንዘብ የለንም፤ መሬቱም የእኛ አይደለም፤ እንግዶች ነን። ቢሆንም የምንችለው አለ። የጫካ ሥጋ ሲሸጥ አንግዛ። እርጥብ እንጨት አንቁረጥ፤ ማገዶ ፍለጋ የሚሄዱትም ወጥመድ ቢያዩ ለአካባቢው ሽማግሌዎች ይንገሩ። ልጆቻችንም አገራቸው የገቡ ቀን የሰንቀሌን ቆርኬ ሲያዩ ሥጋ ብቻ እንዳይታያቸው ከአሁኑ እናስተምራቸው።

ቸር ያሰማን።